ብቻዋን ያደረች አይጥና የእሑድ ጠያቂ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበርንበት ዘመን፥ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለን፥ በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸውን ለመጠየቅ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሲሄዱ አብረናቸው ሄደን ነበር። ዕለቱ እሑድ ነው። እትዬ (ስማቸውን እንተወውና እንዲሁ እትዬ እንበላቸው) ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥተው ወጡን ሠርተው፥ እንጀራውን ጠቅልለው፥ በምሳ ዕቃ ላይ ምሳ ዕቃ ደርበው፥ በራችን ላይ ቆመው ጠበቁን። ልጃቸው ከእኛ በአምስት ዓመት ይበልጣል። ምን ሠርቶ እንደ ታሰረ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም፤ ፍርድ ቤት ፈርዶበታል፥ ፍርዱንም በመፈጸም ላይ ነበር።

ከሳሪስ በኋላ ከታክሲው ተሳፋሪ እኩሌታው የሚሆነው በጭኑ ላይ ምሳ ዕቃ ወይም ዘንቢል ይዞ ነበርና ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ አላስፈለገም። በበሩ ዘንድ ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራችን ሲደርስ ተፈተሽን፤ እትዬም ካመጡት ምግብ ከየዓይነቱ እየቈነጠሩ ቀምሰው አሳዩ፤ ገባን። ልጁ ከርብራቡ ማዶ ብቅ አለ። እኛ የጠበቅነው ዓይኑ ወደ ምሳ ዕቃው እንዲሄድ ነበር። እርሱ ግን ምሳ ዕቃውን ተቀብሎ ሳያየው ከእግሩ ሥር አስቀመጠና ፊት ፊታችንን ይመለከት ጀመር። የሰፈሩን ወሬ አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ማን አገባ፥ ማን ወለደ፥ የማእዘኑ ሱቅ ተከፍቶ ነው ወይ፥ ያ አንካሳ ውሻ አለ ወይ? እናቱ እጃቸውን በርብራቡ ላይ አሻግረው የልጃቸውን የእጅ አንጓ እንደ ያዙ ሰዓቱ አለቀ እስኪባል ድረስ አልለቀቁም።

ስንመለስ፥ «እትዬ፥ ያን ሁሉ ደክመው የሠሩትን ምግብ እኮ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም» ብንላቸው ሣቁብን። «ልጄ፥ እንጀራማ እዚያም ይሰጡታል። እኔ እንጀራ ላበላው የምመላለስ መስሎሃል?» አሉን።

ያን ጊዜ ይህን ቃል የእናት አንጀት የተናገረው ነው ብለን አለፍነው። ከተመረቅን በኋላ ግን ስለ አይጥ አንጐል የተጻፈ አንድ ጥናት ስናነብ የእትዬ ነገር ትዝ አለንና መጽሐፉን ዘግተን ጥቂት ጊዜ ተቀመጥን። ጥናቱ ብቻዋን ያደረች አይጥ ከሌላ አይጥ ጋር ስትገናኝ በአንጐሏ ውስጥ የሚሆነውን ነገር በብርሃን አማካይነት አይቶ የሚናገር ነው። «አይጥንና የቃሊቲን እስረኛ ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥቂት ይታገሠን፤ ነገሩ ከእንቁራሪት ልብ ይጀምራል።

ካልሲየም ሲባል ሁላችንም የምናውቀው በአጥንት፥ በወተት፥ በእንቁላል ቅርፊትና በኖራ ውስጥ መኖሩን ነው። ይኸው ንጥረ ነገር ግን በሰውነታችን ውስጥ አጥንት ከማጠንከር ሌላ የመልእክተኝነት ሥራም አለው። ይህም የታወቀው በስሕተት ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ላይ (የውጭ አገሩን ታሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) ሲድኒ ሪንገር የሚባሉ የለንደን ሐኪም ከእንቁራሪት ገላ የወጣ ልብ በጨው ውሃ ውስጥ ሲመታ እንዲቆይ ይሞክሩ ነበር። ልቡም ደኅና አድርጎ መታ። ኋላ ሲመረመር ግን ውሃው እንደ ታሰበው የተጣራ ሳይሆን ረዳታቸው እንዲያው ከቧንቧ የቀዳው የለንደን ውሃ ሆኖ ተገኘ። በተጣራው ውሃ ሲሞክሩት ልቡ እየደከመ ሄዶ ቆመ። የቧንቧው ውሃ ይዞት የተጣራው ያጣው ነገር ካልሲየም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት ነገሩን ሲከታተሉት አንድ የሚያስደንቅ ሥርዓት አገኙ። በሕይወት ያለ ሕዋስ ሁሉ ካልሲየምን ከውስጡ እያስወጣ በደጅ ያቆመዋል። ከሕዋሱ ውጭ ያለው የካልሲየም መጠን በውስጥ ካለው ወደ 10,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የነርቭ ሕዋስ መልእክት ሲያስተላልፍ በገላው ላይ ያሉት ጥቃቅን በሮች ለቅጽበት ይከፈታሉ፤ ካልሲየሙም ይገባል፤ ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ ይወጣል። እንግዲህ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ሲገባ ማየት የቻለ ሰው ያ ሕዋስ ሥራ ላይ መሆኑን ዐወቀ ማለት ነው። ችግሩ ካልሲየም በዓይን የማይታይ መሆኑ ነበር።

የሚታይበትን መንገድ ያሳየው ደግሞ የባሕር እንስሳ ነው። ጃፓናዊው ኦሳሙ ሺሞሙራ በ1961 በጋ በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ፍራይደይ ሃርበር በሚባለው ስፍራ ጄሊፊሽ እያጠመዱ ነበር፤ ይህ ፍጥረት ገላው እንደ ውሃ የጠራ፥ ሲነካ ጠርዙ የሚያበራ ነው። የብርሃኑን ምንጭ ለማግኘት በዚያ በጋ 10,000 ያህል ጄሊፊሽ እንዳጠመዱ ይነገራል። ብዙ ቀን ደክመው፥ አንድ ቀን ያጣሩትን ፈሳሽ የባሕር ውሃ ወደ ነበረበት መታጠቢያ ቢያፈስሱት መታጠቢያው በሰማያዊ ብርሃን ቦግ አለ። የባሕር ውሃ ካልሲየም አለበትና ብርሃኑን ያስነሣው እርሱ ነበር። እኚህ ሰው በልጅነታቸው፥ በነሐሴ 1945፥ በናጋሳኪ ላይ የተጣለው የአቶሚክ ቦምብ ብልጭታ ዓይናቸውን ለጊዜው ያጨለመባቸው ሰው ናቸው። ሺሞሙራ ከዚያው ፍጥረት አረንጓዴ የሚያበራ ሌላ ፕሮቲንም አገኙ፤ በእርሱም ምክንያት በ2008 ከማርቲን ቻልፊና ከሮጀር ቼን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ሮጀር ቼን በ1980ዎቹ ካልሲየም ሲነካቸው ብርሃናቸው የሚለወጥ ቀለሞችን ሠርተው ለዓለም ላቦራቶሪ ሁሉ አዳረሱ። በ2001 ደግሞ ጁንኢቺ ናካይ የሚባሉ ጃፓናዊ ያንን የጄሊፊሽ አረንጓዴ ፕሮቲን ካልሲየምን ከሚይዝ ሌላ ፕሮቲን ጋር አጣምረው ጂካምፕ የተባለውን መሣሪያ አወጡ። የጂካምፕ ትርፉ ከውጭ የሚረጭ ቀለም አለመሆኑ ነው። የአሠራሩ ትእዛዝ ጉዳት በሌለው ቫይረስ አማካይነት ወደ እንስሳው ሕዋስ ይገባና ሕዋሱ ራሱ ይሠራዋል። ሰማያዊ ብርሃን ሲያበሩበት፥ ካልሲየም በገባ ቍጥር፥ አረንጓዴ ብርሃኑ ይጨምራል። በ2013 ገላው በሚያሳልፍ አንድ የዓሣ ጫጩት ላይ ይህን አድርገው የአንጐሉን የነርቭ ሕዋሳት አብዛኛውን ክፍል በአንድ ጊዜ ሲበሩና ሲጠፉ ለማየት ተችሏል። በምሽት ከእንጦጦ ላይ ሆኖ አዲስ አበባን የተመለከተ ሰው ምን ዓይነት እይታ እንደሚሆን ሊገምት ይችላል። እኛ በተማሪነታችን ጊዜ አንዱን ማይክሮስኮፕ ለስምንት እየተጋፋን የሽንኩርት ሕዋስ እንመለከት ነበርና እንዲህ ያለውን ሥዕል ስናይ ቅናት እንዳልያዘን አንዋሽም።

አይጥ ግን እንደ ዓሣ ጫጩት ገላዋ አያሳልፍም። ስለዚህ ብርሃን የሚመላለስበት ቀጭን የመስታወት ክር ወደ አንጐሏ ውስጥ ይዘልቃል፤ አይጧ ያንን ክር በራሷ ላይ ይዛ ትሮጣለች፥ ታሸታለች፥ ትጫወታለች፤ በሌላው ጫፍ የተቀመጠው መሣሪያም ሕዋሳቱ መቼ እንደ በሩ ይጽፋል።

አሁን ወደ ብቻዋ አይጥ እንምጣ። ጊሊያን ማቲውስ የሚባሉ ወጣት ተመራማሪ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ለዶክትሬት ሲያጠኑ ጉዳያቸው ብቸኝነት አልነበረም፤ ኮኬይን የተባለው አደንዛዥ ዕፅ በአንጐል ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ ይመረምሩ ነበር። እንደ ሥርዓቱ ለእኩሌቶቹ አይጦች ዕፁን፥ ለእኩሌቶቹ ደግሞ ለማነጻጸሪያ ተራ የጨው ውሃ ሰጡ። አይጦቹም ለ24 ሰዓት ለየብቻ ተቀመጡ። በነጋታው ሲመረመሩ ዕፅ የተሰጣቸው አይጦች አንጐል ተለውጦ ተገኘ፤ ይህ የተጠበቀ ነው። ያልተጠበቀው የጨው ውሃ ብቻ የተሰጣቸውም እንዲሁ ተለውጠው መገኘታቸው ነው። ከባልንጀሮቻቸው ጋር ያደሩት ግን አልተለወጡም። ለካስ ለውጡን ያመጣው ዕፁ ሳይሆን ለብቻ ማደሩ ኖሯል! ሌላ ሰው ቢሆን ሙከራዬ ተበላሸ ብሎ ይጥለው ነበር፤ ማቲውስ ግን ይህንኑ ይዘው ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኤም አይ ቲ ከኬይ ታይ ጋር ቀጠሉ። ውጤቱም በየካቲት 2016 ሴል በተባለው መጽሔት ወጣ።

በካልሲየሙ ብርሃን የታየው እንዲህ ነው። በአንጐል ግንድ ውስጥ ዶርሳል ራፌ በሚባለው ስፍራ ዶፓሚን የሚያመነጩ ጥቂት ሕዋሳት አሉ። አይጧ ከጓደኞቿ ጋር ስትኖር እነዚህ ሕዋሳት ይህን ያህል አይረበሹም። አንድ ቀን ብቻዋን ካደረች በኋላ ግን ሌላ አይጥ ሲያስገቡላት ብርሃኑ ከወትሮው አብልጦ ቦግ ይላል። ተመራማሪዎቹ በዚህ አላቆሙም። በሌላ ብልሃት እነዚያን ሕዋሳት ዝም ሲያሰኟቸው አይጧ ከብቸኝነት ወጥታ እንኳ ጓደኛ የመፈለግ ጉጉት አጣች፤ በግድ ሲቀሰቅሷቸው ደግሞ ጓደኛ መፈለጓ ጨመረ፥ ነገር ግን የተቀሰቀሰችበትን ስፍራ ሸሸችው። ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ በሉልን። ስሜቱ የሚያስደስት አይደለም። ልክ እንደ ራብ የሚያስጨንቅና ወደ ምግቡ የሚነዳ ነው። ደግሞም ነገሩ በአይጦች ማዕርግ ይለያያል፤ በመንጋው ውስጥ የበላይ የነበረችው የባሰ ይሰማታል። (በሰው ዘንድ ከሹመት የወረደ ሰው የሚሆነውን ያየ አንባቢ ፈገግ ይል ይሆናል።)

በየካቲት 2025 ደግሞ ከሃርቫርድ ዲንግ ሊዩና ካትሪን ዱላክ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ኔቸር በተባለው መጽሔት ሌላ ጥናት አወጡ። እነርሱ የመረመሩት ራብንና ጥማትን የሚቈጣጠረውን የአንጐል ክፍል፥ ሃይፖታላመስን ነው። በዚያም አይጧ ስትለይ የሚሠሩ ሕዋሳትን፥ ስትገናኝ ደግሞ የሚሠሩ ሌሎች ሕዋሳትን አገኙ። ስትለይ የሚበሩት ሌላ አይጥ በመጣች ጊዜ ወዲያው ይጠፋሉ። የተለየችበት ቀን በረዘመ መጠን ስትገናኝ የምታሳየው ጉጉት ይበዛል። ከዚህ ሁሉ እኛን የመታን አንድ ሙከራ ነው። አይጧን ከጓደኞቿ ቀዳዳ ባለው ግድግዳ ለዩዋት፤ ትሰማቸዋለች፥ ታሸታቸዋለች፥ ታያቸዋለች፤ መንካት ብቻ አትችልም። አንባቢ ምን ይገምታል? ጓደኞቿ አጠገቧ እያሉ ፈጽሞ ብቻዋን እንደ ነበረች ሆና ተገኘች። የጐደላት መንካት ነበር። ይህን ስናነብ ነው የእትዬ እጅ በርብራቡ ላይ ተሻግሮ የታየን።

«ሰው አይጥ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ እኛም ራሳችንን ጠይቀናል። አይጥ ቀጠሮ አትቈጥርም፥ ጸሎት አታደርስም፥ ደብዳቤ አትጽፍም፤ ሰው እነዚህን ይዞ ብቸኝነትን ሊቋቋም ይችላል፤ በባሕታዊነት ዕድሜያቸውን ሙሉ በዋሻ የኖሩ አባቶች ያሉበት አገር ልጆች ይህን አንዘነጋም። ዳሩ ግን ባሕታዊው ወዶ ገባ እንጂ አልተዘጋበትም። ደግሞ በሰውም ላይ የተደረገ ሙከራ አለ። በሰው አንጐል ውስጥ ጂካምፕ ማስገባት ስለማይደረግ እነ ሊቪያ ቶሞቫና ርብቃ ሳክስ እዚያው ኤም አይ ቲ ውስጥ በኤም አር አይ ተጠቀሙ። 40 ጤነኛ ሰዎች አንድ ቀን ለ10 ሰዓት ምግብ ሳይበሉ፥ በሌላ ቀን ደግሞ ለ10 ሰዓት ሰው ሳያዩና ስልክ ሳይነኩ ቆዩ። ከዚያ የምግብና የሰዎች ጨዋታ ሥዕል ታያቸው። የተራበው ሰው አንጐል ለምግቡ ሥዕል እንደ መለሰው ሁሉ ሰው ያጣው አንጐል በዚያው የመካከለኛ አንጐል ስፍራ ለሰዎቹ ሥዕል መለሰ። ይህ በ2020 ታተመ። 10 ሰዓት ብቻ ነው! ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ማለት ነው።

እንግዲህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። ጠያቂ ለእስረኛ ምጽዋት ወይም ጉርሻ አይደለም፤ ቀለቡ ነው። ፍርድ ቤት በአንድ ሰው ላይ አምስት ዓመት ሲፈርድ ነፃነቱን አምስት ዓመት ወሰደበት እንጂ በራብ ይቀጣ አላለም። ማንም ዳኛ በፍርዱ ላይ «ከምሳው እኩሌታው ይቀነስ» ብሎ አይጽፍም። የሰው ናፍቆት በአንጐል ውስጥ ከራብ ጐን የሚቀመጥ ከሆነ ጠያቂን መቀነስ ያልተፈረደ ፍርድ መጨመር ይሆናል። በዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ክርክር የተበዳዩ ነው፤ «ልጄን የገደለብኝ ሰው ከእናቱ ጋር እጅ ለእጅ ይያያዝ ትላላችሁን?» ቢለን አንድ አባት፥ ፊቱን እያየን ቀላል መልስ አንሰጥም። ነገር ግን ያ ሰው አንድ ቀን ወጥቶ በመካከላችን ይኖራል። ሰው መሆን ለምዶ ቢወጣ ለዚያ አባት ሰፈርም ይሻላል ብለን እናምናለን። ስሙ ራሱ ማረሚያ ነው። ማረም ደግሞ የገበሬም ቃል ነውና፥ አራሚ አረሙን ይነቅላል እንጂ ሰብሉን ውሃ አይከለክልም።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 21 ላይ የታሰሩ ሰዎች በትዳር ጓደኞቻቸው፥ በቅርብ ዘመዶቻቸው፥ በጓደኞቻቸው፥ በሃይማኖት አማካሪዎቻቸው፥ በሐኪሞቻቸውና በሕግ አማካሪዎቻቸው የመጐብኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከዘመድና ከጠበቃ ሌላ ጓደኛ የሚለውን ቃል በዚያ ውስጥ ያስገቡት ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በታኅሣሥ 2015 ባጸደቀው ደንብ፥ ሰውን በቀን ውስጥ 22 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ያለ ሰው ማቆየትን ለብቻ ማሰር ብሎ ሰይሞታል፤ ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ እንዲህ ማድረግንም ከልክሏል።

ይህ ደንብ የኔልሰን ማንዴላ ደንብ ይባላል። ማንዴላ በ1962 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በኮልፌ የወታደር ትምህርት እንደ ተማሩ አንባቢ ያውቃል። ከዚህ ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ተያዙ። በሮበን ደሴት መጀመሪያ ላይ የተፈቀደላቸው በ6 ወር አንድ ጠያቂና አንድ ደብዳቤ ነበር፤ ያውም ጠያቂያቸውን በመስታወት ማዶ ሆነው ነው። የባለቤታቸውን እጅ እንደ ገና የነኩት በ1984 ሲሆን፥ ካልነኳቸው 21 ዓመት ሆኖ ነበር። የአይጦቹ ጥናት ከመውጣቱ በፊት የመንካትን ዋጋ ያውቁ የነበሩት እንደ እኚህ ያሉ ሰዎች ናቸው።

በእኛም አገር ቢሆን ነገሩ በስም ተጽፎ ኖሯል። የቀድሞው የአዲስ አበባ ትልቅ እስር ቤት ሕዝቡ ያወጣለት ስም «ዓለም በቃኝ» ነበር። የግንቡ ወይም የሰንሰለቱ ስም አልወጣለትም፤ የወጣለት ከሰው የመለየት ስም ነው። ዛሬ በዚያ ስፍራ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል፤ «ዓለም በቃኝ» የተባለበት መሬት የአገሮች መሰብሰቢያ መሆኑ ያስደስተናል። ኮሮና በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አገራችን በገባ ጊዜ የማረሚያ ቤት ጥየቃ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። ለበሽታው ሲባል የተደረገ ነበርና አንነቅፈውም፤ ያን ጊዜ እኛም በየቤታችን ተዘግተን ሳለን ጐረቤት በአጥር ላይ «እንዴት አደራችሁ?» ሲለን ምን ያህል ደስ ይለን እንደ ነበር ግን አንርሳ።

ጥየቃን መከልከል በብዙ አገር ማረሚያ ቤቶች ለቅጣት ቅርብ የሆነ መሣሪያ ነው፤ ወጪ የለውም፥ ዱላ የለውም፥ ምልክትም አይተውም። አሁን ግን ምልክቱ ታየ፤ አረንጓዴ ሆኖ በመሣሪያ ላይ ታየ። ስለዚህ የማረሚያ ቤት አስተዳዳሪዎችን የምንለምነው ይህ መሣሪያ ከመጨረሻዎቹ አንዱ እንዲሆን፥ የተከለከለበትም ቀን እንደ ቀለብ ሁሉ በመዝገብ እንዲቈጠር ነው። የሚፈተሸው ከተፈተሸ በኋላ እናት የልጇን እጅ ጥቂት ደቂቃ ብትይዝ፥ አባት ሕፃኑን ቢያቅፍ፥ ይህ ለጥበቃው የሚከብድ አይመስለንም። ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ጠያቂ የሌለው ነው። ከጎጃም፥ ከባሌ፥ ከጋምቤላ መጥቶ አዲስ አበባ የታሰረ ሰው ዘመዱ በየእሑዱ አይመጣለትም። ምሳ ዕቃ የመጣለት ለሌላው ያካፍላል፤ ይህን ደግ ልማድ እናውቃለን። የመጣ ጠያቂን ግን ማካፈል አይቻልም። ዕድሮቻችን ቀባሪ ለሌለው ቀባሪ ይሆናሉ፤ ጠያቂ ለሌለው ጠያቂ መሆን ለምን ያቅታቸዋል? የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችስ ከመንፈቅ ሁለት እሑድ ቢሰጡ ምን ይጐድልባቸዋል?

ይህን ስንጽፍ ብዕራችን ትንሽ ተደናቅፏል። ያን እሑድ ከቃሊቲ ስንመለስ «በሚመጣው ወርም እንመጣለን» ብለን ለልጁ ነግረነው ነበር። ፈተና ደረሰ፤ ቀጥሎ ክረምት መጣ፤ ከዚያ አፈርን። አንድ ጊዜ የቀረ ጠያቂ ሁለተኛ መቅረት እንዴት እንደሚቀለው የሚያውቅ ያውቀዋል። የሰፈራችን ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ዐሥርም ዐሥራ አምስትም ሆኖ ይሄዳል፥ በሦስተኛው ዓመት እትዬ ብቻቸውን ዘንቢላቸውን ይዘው ታክሲ ይጠብቃሉ። የበሩ ጠባቂ ማንንም አልከለከለብንም፤ የቀረነው እኛ ነን። አይጧን ለብቻዋ ያኖሯት ተመራማሪዎች ቢያንስ በ24 ሰዓት ጓደኛ መልሰውላታል።

ልጁ ፍርዱን ፈጽሞ ከወጣ ዓመት አልፎታል። ይህን ጽሑፍ ከመጀመራችን በፊት ቤቱ ሄደን አገኘነውና፥ ይቅርታም መጠየቅ ይገባን ነበርና፥ «እዚያ ሳለህ እናትህ ያመጡልህ ከነበረው ምግብ የትኛው ትዝ ይልሃል?» ብለን በዘወርዋራ ጀመርን። ጥቂት አሰበና፥ «ምግቡን እንኳ እንጃ» አለን። ቀጥሎም የመጡትን ሰዎች በጣቱ ይቈጥር ጀመር፤ ማን መቼ እንደ መጣ፥ ማን ከማን ጋር እንደ መጣ፥ ማን እንዳለቀሰ። እኛ ጋ ሲደርስ አላመነታም።

«አንተ አንድ ጊዜ መጥተሃል። ከትንሣኤ ቀጥሎ ያለው እሑድ ነው፤ ሰማያዊ ሹራብ አድርገህ ነበር፥ የግራ ክርኑ ተተርትሯል» አለን።

ሹራቡን እኛ ረስተነው ነበር። ቤት ገብተን ስንፈልገው ከድሮ ልብሶች ጋር ተጠቅልሎ አገኘነው፤ የተተረተረው የግራ ክርኑ ነው።